ግንቡ ከፈረሰ በኋላ

ዓርብ ጠዋት ለቅዳሴ ወደ ቅዱስ ቤተሰብ ካቴድራል ከምንመጣው ምእመናን ብዙዎቻችን በሸራተን አደባባይ በኩል እናልፋለን። በአደባባዩ መካከል አንድ አሮጌ በር ብቻውን ቆሟል። በግራም በቀኝም ግንብ የለውም፤ መኪናው ይዞረዋል እንጂ በውስጡ የሚያልፍ የለም። የጃህራ በር ይባላል። አንዳንዶቻችን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በአጠገቡ ስንመላለስ ኖረን ስሙን እንኳ ጠይቀን አናውቅም፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። ይህ በር የምን በር እንደ ነበረ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ ግን የዚህችን አገር አመሠራረት በሰፊው ያስረዳል፤ እኛ ስደተኞቹ በታሪኳ ውስጥ የት እንደ ቆምንም ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩዌት ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ዑቱብ በሚል የወል ስም የሚጠሩ ቤተሰቦች ከመካከለኛው ዓረቢያ ተነሥተው ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ በዚህ ወሽመጥ ዳር ሰፈሩ፤ ከመካከላቸውም የሳባሕ ቤት አስተዳዳሪ ሆነ። ኑሮአቸው ዕንቊ በመጥለቅ፣ መርከብ በመሥራት፣ እስከ ሕንድና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በሚዘልቅ ንግድም ይመራ ነበር። የአገሪቱ መሥራቾች ራሳቸው ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች እንደ ነበሩ ልብ እንበል፤ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለስብናል።

በ1899 ሼክ ሙባረክ ከብሪታንያ ጋር በምሥጢር ተዋዋሉ። ያለ ብሪታንያ ፈቃድ የሌላ መንግሥት ወኪል ላይቀበሉ፣ ከምድራቸውም ለሌላ መንግሥት ላይሰጡና ላይሸጡ ቃል ገቡ፤ በለውጡም ከኦቶማን መንግሥት የሚከልላቸው ኃይል አገኙ። እንግዲህ ኩዌት በጥብቅ አነጋገር ቅኝ ግዛት አልነበረችም። የለንደን መንግሥት አገረ ገዢ አልሾመባትም፤ የውስጡን አስተዳደር ለሼኩ ተወ። ይሁን እንጂ በገበያዋ የሚዘዋወረው ገንዘብ የሕንድ ሩፒ ነበር፤ ደብዳቤዋም ለብዙ ዓመታት የተላከው «ኩዌት» የሚል ቃል በላዩ በታተመበት የሕንድ ቴምብር ነበር። ገንዘቡና ቴምብሩ የሌላ የሆነ አገር ምን ያህል ራሱን የቻለ እንደሚባል አንባቢ ይፍረድ።

ወደ በሩ እንመለስ። በ1920 ኢኽዋን የሚባሉት የኢብን ሳዑድ ተዋጊዎች ከደቡብ ወገን ተነሥተው የኩዌትን ኃይል በበረሓ ድል ነሡ። ሼክ ሳሊም ከተማዋ በግንብ እንድትታጠር አዘዙ። ነጋዴው፣ ዕንቊ ጠላቂው፣ ባሪያው፣ መርከበኛው ሁሉ ጭቃ እያቦካ በጥቂት ወራት ውስጥ ከባሕር እስከ ባሕር የሚደርስ ግንብ አቆመ፤ መውጫና መግቢያ የሚሆኑ በሮችም ተተዉለት። በጥቅምት 10 ቀን በጃህራ ታላቅ ውጊያ ሆነ፤ ኩዌታውያኑ በቀዩ ምሽግ ውስጥ ተከብበው ከቆዩ በኋላ ኢኽዋን ወደ በረሓው ተመለሱ። የውጊያው ቁስለኞች የታከሙት በዚያ ዘመን በከተማዋ ይሠራ በነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር። ሐኪሞቹ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አልነበሩም፤ ፕሮቴስታንት ነበሩ፤ ሆኖም ኩዌት አገር ለመሆን ስትታገል ደሟን የጠረጉት ባዕዳን ክርስቲያኖች መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሕንጻው ዛሬ የባህል ማዕከል ሆኖ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ይታያል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1922 መጨረሻ፣ ሰር ፐርሲ ኮክስ የተባሉት የብሪታንያ ሹም በዑቀይር ጉባኤ ላይ የወሰን መሥመር አሰመሩ። ኩዌት የእኔ ነው ትለው ከነበረው ምድር ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለኢብን ሳዑድ ተሰጠ። ሼክ አሕመድ በቦታው አልነበሩም፤ ስለ ኩዌት የተቀመጠው የብሪታንያ ወኪል ነበር። እኛ አፍሪካውያን ይህን ዓይነቱን መሥመር ማብራሪያ ሳንፈልግ እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘይት ነው። በ1938 በቡርጋን ተገኘ፤ በጦርነቱ ምክንያት ዘግይቶ በሰኔ 1946 የመጀመሪያው ጭነት በመርከብ ወጣ። ዕንቊ ጠላቂዎቹ ባሕሩን ትተው ደመወዝተኞች ሆኑ። ሼክ ዓብደላ አል ሳሊም በ1950 ሥልጣን ሲይዙ የብሪታንያ አርክቴክቶች ተጠርተው አዲስ ማስተር ፕላን ተነደፈ፤ አሮጌው ከተማ በብዛት ፈረሰ፤ ሰፋፊ መንገዶችና የመኖሪያ ቀበሌዎች ተዘረጉ። መምህራኑ ከፍልስጥኤምና ከግብፅ፣ ሠራተኞቹ ከኢራን፣ ከሕንድና ከፓኪስታን መጡ። ፍልስጥኤማውያን መምህራን የመጡትማ ዘይቱ ከመገኘቱ በፊት፣ በ1936 ነበር፤ ብዙ ኩዌታዊ ፊደል የቈጠረው በእነርሱ እጅ ነው።

በ1957 የጭቃው ግንብ ፈረሰ። ለከተማዋ ዕድገት ጠባብ ሆኖባታልና በሮቹ ብቻ ለመታሰቢያ ቀሩ። ታዲያ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ከተቆጠረው ከ206 ሺህ የሚበልጥ ነዋሪ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የውጭ ተወላጅ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1959 የዜግነት ሕግ ወጣ። የሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ መሠረታዊ ኩዌታዊ የሚባለው ከ1920 በፊት በኩዌት የሰፈረና ሕጉ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ በዚያው የኖረ ሰው ነው ይላል። 1920 ግንቡ የተሠራበት፣ በጃህራም የተዋጉበት ዓመት ነው። የጭቃው ግንብ ከመሬት ላይ በተነሣ በሁለተኛው ዓመት በወረቀት ላይ እንደገና ቆመ ማለት ይቻላል።

ይህን ስጽፍ ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከቅኝ አገዛዝም ሆነ ከባዕድ ጥበቃ የሚወጣ አገር ሁሉ ባንዲራውን ከመስቀሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «እኛ» የምንለው ማንን ነው? ሌሎች አገሮች ጥያቄውን በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በነገድ ለመመለስ ሞክረዋል፤ ብዙዎቹም በደም ከፍለውበታል። የኩዌት ሰዎች ግን ከመካከላቸው ሱኒም ሺዓም፣ ከነጅድ የመጣም ከኢራን የተሻገረም ስለ ነበር በአንድ ዘር ሊመልሱት አይችሉም ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ቈረጡ፤ በመከራው ዘመን እዚህ የነበረ የእኛ ነው አሉ። በዘይቱ ምክንያት ዜግነት ራሱ የቤት፣ የትምህርት፣ የሕክምናና የሥራ ድርሻ ሆኖ ነበርና መዝገቡ ሲዘጋ የድርሻውም በር ተዘጋ።

ከመዝገቡ የቀሩት ግን በኋላ የመጡት ብቻ አልነበሩም። በበረሓ ከግመሎቻቸው ጋር የሚንቀሳቀሱ፣ ወረቀት ምን እንደሚጠቅም ያልተረዱ፣ ሳይመዘገቡ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ «ቢዱን» ይባላሉ፤ ቃሉ «ያለ» ማለት ነው፣ ያለ ዜግነት። ቁጥራቸው ወደ መቶ ሺህ እንደሚሆን ይገመታል። መንግሥት ብዙዎቹን የሌላ አገር ሰነዳቸውን የደበቁ ሕገ ወጥ ነዋሪዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ እነርሱ ግን ሌላ አገር አናውቅም ይላሉ። ለበርካታ ዓመታት በሠራዊቱና በፖሊሱ ውስጥ በብዛት አገልግለዋል።

ነፃነት የመጣው ሰኔ 19 ቀን 1961 ነው። የ1899ኙ ውል በደብዳቤ ልውውጥ ተሻረ። በሩፒ ፋንታ ዲናር የተተካው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት ነበር። ደስታው ግን ሳምንት አልሞላም። ሰኔ 25 ቀን የኢራቅ መሪ ዓብዱልከሪም ቃሲም ኩዌት የባስራ ክፍል ናት ብለው አወጁ። የአዲሲቱ አገር የመጀመሪያ ውሳኔ ከዚህ የተነሣ ትናንት ጥበቃዋን የተሰናበተቻትን የብሪታንያን ጦር እንዲመጣ መጥራት ሆነ። የብሪታንያ ወታደሮች በሐምሌ መጀመሪያ ወረዱ፤ የዓረብ ሊግ በዚያው ወር ኩዌትን በአባልነት ተቀብሎ የራሱን ጦር በፈንታቸው ላከ። የተባበሩት መንግሥታት በር ግን በሶቪየት ኅብረት ተቃውሞ ተዘግቶ ቆይቶ በግንቦት 1963 ተከፈተ። ኢራቅም በዚያው ዓመት በጥቅምት ለጎረቤቷ ዕውቅና ሰጠች።

ብዙዎች የሚያልፉት ነገር ቢኖር በዚያ ፍርሃት መካከል የተሠራው ሥራ ነው። ድንበሩ ላይ ጦር የተጠመደበት መሪ ብዙ ጊዜ ሥልጣኑን ያጠብቃል እንጂ አያላላም። ሼክ ዓብደላ ግን የሕዝብ ተመራጮች የሚገኙበት መሥራች ጉባኤ ጠርተው ሕገ መንግሥት አስረቀቁ፤ የሕግ አማካሪው ግብፃዊው ዶክተር ዑስማን ኻሊል ነበሩ። 183 አንቀጾች ያሉት ሕገ መንግሥት ኅዳር 11 ቀን 1962 ጸደቀ። ሥልጣነ መንግሥት በሙባረክ ዘር እንዲወረስ ቢደነግግም ልዑላዊነት የሕዝቡ ነው አለ፤ 50 ተመራጮች ያሉበት ምክር ቤትም አቋቋመ። አንቀጽ 35 የእምነት ነፃነትን ፍጹም አድርጎ፣ የአምልኮ ሥርዓት መፈጸምንም በአገሩ ልማድ መሠረት መንግሥት እንዲጠብቅ አዘዘ። ካቴድራላችን የቆመው ነፃነቱ በመጣበት በ1961 ነው፤ በ1968ም ኩዌት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አስቀድማ ከቅድስት መንበር ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መሠረተች።

አሁን ቀኑን አስታውሱት፤ ኅዳር 11 ቀን 1962። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14፣ በአሥመራ ሌላ ነገር ተፈጸመ። የተባበሩት መንግሥታት በ1950 በወሰነው መሠረት ኤርትራ በ1952 የራሷ ምክር ቤት፣ ሰንደቅ ዓላማና የሥራ ቋንቋዎች ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፤ ትግርኛና ዓረብኛ በአማርኛ ተተኩ፤ በመጨረሻም በዚያች የኅዳር ቀን ምክር ቤቱ ራሱን እንዲያፈርስ ተደርጎ ፌዴሬሽኑ ተሻረ። በአንዲት ሳምንት አንዱ መንግሥት የገዛ እጁን በሕግ ሲያስር ሌላው በሕግ የታሰረ እጁን ፈታ። ከፌዴሬሽኑ መሻር አንድ ዓመት ቀድሞ የተጀመረው የትጥቅ ትግል እስከ 1991 ዘለቀ፤ በ1993 ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ተለየች፤ ከ1998 እስከ 2000 ደግሞ ወንድማማቾቹ ሕዝቦች በድንበር ጦርነት ተላለቁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ቅኝ አልተገዛንም ስንል እውነት ነው፤ ነገር ግን በጣልያን ቅኝ ግዛትነት ተለይቶ የቆየ ሕዝብ ወደ እኛ ሲመጣ «እኛ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደምናሰፋው አልተማርንም ነበር። በአንድ የግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት የኤርትራ ካቶሊካውያን ከ2015 ወዲህ የራሳቸው ሜትሮፖሊታን ቤተ ክርስቲያን አላቸው፤ በስደት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ታቦት ፊት፣ በአንድ ዜማ እንቆማለን፤ የማንጠይቃቸውና የማይጠይቁን ነገር በመካከላችን እንዳለ ሆኖ።

የኩዌትም ሕገ መንግሥት ሰላም አላገኘም። ምክር ቤቱ በ1976 ታገደ፤ በ1986 እንደገና ታገደ፤ በግንቦት 2024ም አንዳንድ አንቀጾች እስከ አራት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ታግደዋል። ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ2005 ነው። ከ2024 ወዲህም የዜግነት መዝገቡ እንደገና እየተመረመረ ብዙዎች ዜግነታቸውን ተነጥቀዋል። በ1959 የቆመው የወረቀት ግንብ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

ነሐሴ 2 ቀን 1990 ንጋት ላይ የኢራቅ ጦር ገባ። የቃሲም ቃል በሳዳም ሁሴን ተፈጸመ፤ በወሩ መጨረሻ ኩዌት የኢራቅ 19ኛ ክፍለ ግዛት ተባለች። በዚህ ምዕራፍ ላይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ነበረች። ወረራውን አውግዞ ጦሩ እንዲወጣ ለጠየቀው ውሳኔ 660 በዚያው ቀን ድምፅዋን ሰጠች፤ በኅዳር ወር ኃይል መጠቀምን ለፈቀደው ውሳኔ 678ም እንዲሁ። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው ሲናገሩ ሰሚ ላጣች ኢትዮጵያ ይህ ቀላል ድምፅ አልነበረም። በዚያው ሰዓት ግን የአዲስ አበባው መንግሥት በሰሜን ከገዛ ዜጎቹ ጋር ይዋጋ ነበር፤ ምጽዋን ካጣም ገና ወራት ነበሩ። የሌላውን ድንበር መጠበቅ የራስን ቤት ከማስታረቅ ይቀላል መሰለኝ።

ኩዌት ራሷስ ምን አዳናት? የብዙ አገሮች ጦር እንዳዳናት ሁሉም ያውቃል። ከጦሩ በፊት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ወራሪው ጊዜያዊ መንግሥት ብሎ ላቆመው ድርጅት የሚታወቅና የሚከበር ኩዌታዊ ሊያገኝ አልቻለም። በምክር ቤቱ መታገድ ከገዢው ቤት ጋር ተጣልተው የነበሩ ተቃዋሚዎች በጥቅምት 1990 በጂዳ ከስደተኛው መንግሥት ጋር ተሰብስበው የ1962ቱ ሕገ መንግሥት እንዲመለስ ቃል አስገብተው ከጎኑ ቆሙ። ከነፃነት በኋላ በ1992 ምርጫ ተደረገ። የተጣሉበት ወረቀት መልሶ ያስታረቃቸው ወረቀት ሆነ። የመሪና የተመሪ ጠብ በአንድ የታወቀ ሕግ ዙሪያ ሲሆን ጠላት የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል፤ ይህን ኩዌት አሳይታናለች።

የድሉ ዋጋ ግን በእኩል አልተከፈለም። ከወረራው በፊት በኩዌት ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ፍልስጥኤማውያን ይኖሩ ነበር። መሪያቸው ያሲር ዓረፋት ወደ ሳዳም አዘንብለዋል በመባሉ፣ ሕዝቡም በጅምላ ተጠርጥሮ፣ አብዛኞቹ ወጥተው ቀሩ። ከእነርሱ መካከል ከወራሪው ጋር ያበሩ ነበሩ፤ ለኩዌታውያን ጎረቤቶቻቸው ምግብና መድኃኒት የደበቁም ነበሩ። ትምህርት ቤቶቿን ያቆሙት ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ ብቻ እንጂ ዜግነት አልነበራቸውምና መሄዳቸው በአንድ ወቅት የሚፈጸም ነገር ሆነ። ሠራዊቱ ሲበተንና እንደገና ሲደራጅ ብዙ ቢዱንም ተመልሶ አልተቀጠረም፤ ምንም እንኳ በዚያ ጦርነት የሞቱላት ቢኖሩ።

እኛም በዚሁ መዝገብ ውስጥ ቁጥር አለን። አንቀጽ 18 ለኩባንያ ሠራተኛ፣ አንቀጽ 20 ለቤት ሠራተኛ፣ አንቀጽ 22 ለቤተሰብ። ሰው ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ «ቪዛህ ስንት ነው?» ሲባባል ሰምቼ አውቃለሁ። እዚህ ተወልዶ ዓረብኛውን እንደ አገሬው የሚናገረው ልጃችን እንኳ በአባቱ ኢቃማ የሚቆም የ22 ቁጥር ነው። የሚገርመው ግን መዝገቡ አንዳንድ ጊዜ ወደ ውጭም መመልከቱ ነው። የ2010 የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ትቶ ነበር፤ በ2015 ግን ኩዌት ለእነርሱ ብቻ ሕግ ቁጥር 68ን አወጣች፤ በባሕረ ሰላጤው ዐረብ አገሮች ዘንድ ቀዳሚው ነበር። የሥራ ሰዓት ጣሪያ፣ የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ፣ በየሳምንቱም አንድ የዕረፍት ቀን ደነገገ። ዜጋ ያልሆነች፣ ልትሆንም የማትችል ሴት ከዚህ መንግሥት የምትጠይቀው መብት አላት ማለት ነው። በ1920ው መሥመር ላይ የተከፈተ ትንሽ በር ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ሕጉ በቤት ውስጥ የሚፈጸመው የቤቱ ባለቤት በፈቀደው ልክ ነው። ዓርብ ቅዳሴ ላይ ወንበሩ ሲሞላ ደስ ይለናል። ያልመጡትን የሚያስታውሱን ግን ስልክ የሚደውሉት ናቸው፤ ከሳልሚያ፣ ከጀሌብ፣ ከጃህራ፣ ዛሬም አልተፈቀደልኝም የሚሉት። ከእነርሱ መካከል በዚህች አገር አራትና አምስት ዓመት ኖረው የጃህራን በር አንድ ቀን እንኳ ያላዩ አሉ።